ጾምና ኤልሳት

ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ፈተና ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚፈተኑት፣ የእኛ ሰፈር ሰው «ኤልሳት» ስለሚለው። የተፈተንኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ዕድሜዬን ታክሲ ስነዳ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የተፈተነችው የእህቴ ልጅ ናት። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ግን ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ፣ አንድም ሳያመልጠኝ አይቻለሁ። ስሟን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቃችሁ «ስንት አመጣሽ?» ልትሏት ነው።

ልጅቷ የስልክ አስተርጓሚ ናት። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ቀርባ ቋንቋ ሲያጥራት፣ አንድ አባወራ ከአከራዩ ጋር ሲካሰስ፣ ስልኩ እሷ ጋ ይደወላል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣ ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ማስተናገድ ስላለባቸው፣ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እዚህ ከተማ ይፈለጋል። እሷ ግን ሰልችቷታል። «ጠበቃ ሲናገር ስሰማ፣ የተናገረውን ስደግም እስከ መቼ? አንድ ቀን እኔም ልናገር እንጂ!» ብላ ተነሳች።

ታዲያላችሁ፣ ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የደብሩ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ታውቁታላችሁ፤ የእኛና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ያለበት፣ በዓሉና ጾሙ የተለየበት። ፈተናው ኤፕሪል ላይ ነው፤ ዐቢይ ጾም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ልጅቷ ከቅበላ ማግስት ጀምራ እስከ ፈተናው ዋዜማ ያለውን እያንዳንዱን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ሞላችው። በየቀኑ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና። ከሥሩ «ቃላት»፣ ከሥሩ «ንባብ 2 ሰዓት»፣ ከሥሩ «ቪዲዮ»። ከቅዱሳኑ በዓል ጋር ተጋፍቶ ለመድኃኔዓለም እንኳ ቦታ አልቀረም። እህቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ይዛ ወደ ማእድ ቤት ትወስደዋለች፤ «እዩልኝ ልጄን!»

ለማታውቁት፣ ፈተናው እንዲህ ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ከሁለተኛው በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል። ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ናቸው፤ አጭር አጭር ክርክር እየሰጡ «የዚህ ሰው ስህተት የቱ ላይ ነው?»፣ «ይህን ክርክር የሚያዳክመው የትኛው ነው?» እያሉ የሚጠይቁ። አንዱ ንባብ ነው። አራተኛው ከሁለቱ ከአንዱ ዓይነት ሆኖ የማይታረም ነው፤ አዲስ ጥያቄ የሚሞክሩበት። የትኛው እንደማይታረም ግን አይነገርም፤ ስለዚህ ሁሉንም በእኩል ላብ መሥራት ነው። ውጤቱ ከ120 ይጀምርና 180 ላይ ያበቃል። የሕግ እውቀት የሚባል ነገር አንድም አይጠይቅም። ይሄን ስትሰማ እህቴ ቅር ብሏት «ታዲያ ሕግ ካልጠየቀ ምኑን የሕግ ፈተና ሆነ?» አለች። መልስ የሰጣት የለም።

አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ጠበቃ ቡና ሊጠጣ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት የኢሚግሬሽን ጉዳይ የያዘ። እህቴ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ወሰደችው። ቆሞ አየ። መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«ያንቺማ ሊሆን አይችልም። አንቺ ማታ ማታ ሥራ ትገቢያለሽ። ይሄ ሥራ የሌላት፣ እናት የሌላት፣ እንቅልፍም የማትተኛ ልጅ ስኬጁል ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። እህቴ ጀበናውን አነሳች፤ አስቀመጠች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ጠበቃው ስለ ጥናቱ ከመናገሩ በፊት የጠየቃት ነገር ደግሞ ማንም ያላሰበው ነው። «መታወቂያሽን አምጪ። የተመዘገብሽበትንም ስም አሳዪኝ።» አመጣች። ይኸውላችሁ ጉድ! መንጃ ፈቃዷ ላይ የመጨረሻ ስሟ የአያቷ ነው። ኤልሳክ፣ ማለት ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ጋ ስትመዘገብ ያስገባችው የአባቷን ስም ነው። የሐበሻ ስም መከራ ይሄ ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት አባትን ይይዛል፣ ሌላው አያትን፣ ሦስተኛው ፊደሉን ይለውጣል። ኤልሳክ ደግሞ ሁለቱ ስሞች ካልገጠሙ በር ላይ ሊመልሳት ይችላል። «ከሁሉ በፊት ነገ ጠዋት ይሄን አስተካክይ» አለና የሰኞውን የልምምድ ፈተና ሰርዞ በቦታው «ስም» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያዋ ስረዛ ይቺ ነበረች።

ሁለተኛው ስረዛ ካርቶኑ ላይ ወደቀ። ቀደም ብላ የተፈተነች ዘመዳችን መጻሕፍቷን በካርቶን አድርጋ ሰጥታት ነበር። ከመሃላቸው እጅግ የወፈረው «ሎጂክ ጌምስ» የሚሉትን የሚያስተምር ነው። ሰባት ሰዎች ሰባት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ይሄኛው ከዚያኛው አጠገብ አይቀመጥም፤ ያኛው ከሦስተኛው በፊት ነው፤ እንግዲህ ማን የት ተቀመጠ? እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ። ጠበቃው መጽሐፉን እንደ ድሮ ወዳጁ አገላበጠው። «እኔን ሕግ ትምህርት ቤት ያስገባኝ ይሄ ነው» አለ። ከዚያ ዘጋውና «ካርቶኑን ከቤት አውጪው» አላት።

ታሪኩን ነገረን፤ እኔም እነግራችኋለሁ። ፈተናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተወለደ ነው። በ1945 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ኃላፊ ሐሳቡን አነሳ፤ ኮሎምቢያ፣ ሃርቫርድና ዬል መከሩበት፤ በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ያኔ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ነበር። ሎጂክ ጌምስ የገባው ቆይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያን እንቆቅልሽ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚፈታው ወረቀት ላይ እየሳለ ነው። ማየት የተሳነው ሰውስ በምን ይሳል? ሚሺጋን ውስጥ አንድ ማየት የተሳነው አመልካች ነገሩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2019 በስምምነት ተቋጨ፤ ከኦገስት 2024 ጀምሮም ሎጂክ ጌምስ ከፈተናው ወጣ። በቦታው አንድ ተጨማሪ ሎጂካል ሪዝኒንግ ገባ። ሕግ ለመማር የሚፈለገውን ፈተና ገና ሕግ ያልተማረ ሰው በሕግ ለወጠው፤ ይሄ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ለልጅቷ የነበረው ትርጉም ግን ቀላል ነው፤ የዘመዳችን መጻሕፍት ግማሹ ሞቷል። የድሮዎቹ ፈተናዎች በአዲሱ ቅርጽ ተስተካክለው ኤልሳክ «ሎውሃብ» በሚለው ድረ ገጹ ላይ አሉ፤ በነጻ የሚከፈቱም አሉበት። እውነተኛውን ፈተና የምትሠራበት ስክሪን ዓይነትም እሱ ነው። ከወረቀት ጋር መታገሏን እዚያው ላይ አቆመች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣላችሁ።

ጠበቃው «ያበላሸሻቸውን ጥያቄዎች አሳዪኝ» አላት። የሉም። ውጤቱን ጽፋለች፤ 154፣ 155፣ 153፣ 155። የሳተችውን ግን መልሱን አይታ «አሃ» ብላ አልፋዋለች። «እነዚህ ቁጥሮች ምን ነገሩሽ?» አላት። «እንዳልጨመርኩ።» «ለምን እንዳልጨመርሽስ?» ዝም።

ከዚያ ያዘዛትን ስሙ። አዲስ ፈተና ለአንድ ሳምንት እንዳትነካ። ከሠራቻቸው ፈተናዎች ሦስቱን ታምጣ፤ ትክክለኛውን መልስ ሳታይ፣ ሰዓት ሳትይዝ፣ የጠረጠረችውን ጥያቄ ሁሉ እንደገና ትሥራ። ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር ላይ በራሷ ቋንቋ ሁለት መስመር ትጻፍ፤ ለምን ይሄን መረጥኩ፣ ለምን ያኛውን ጣልኩ። መልሱን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓት ተለቆላት ካገኘችው ችግሯ ፍጥነት ነው። ሰዓት ተለቆላትም ከሳተችው ችግሯ አስተሳሰብ ላይ ነው። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ አንዱን በሌላው ማከም ዋጋ የለውም።

ሳምንቱን ሙሉ ስትጽፍ ከረመች። እህቴ ተናደደች፤ «ልጄ መሥራት አቆመች፣ ይሄ ሰውዬ አሰነፈብኝ» እያለች። እኔም በሆዴ ጠረጠርኩት።

ደብተሩ ሲነበብ የወጣው ምን መሰላችሁ? ልጅቷ እንግሊዝኛው አልከበዳትም። ሰዓትም ብዙ አልጎዳትም። የምትወድቀው ያልተባለውን እየሞላች ነው። ጥያቄው «አንዳንድ ሐኪሞች ይሄን መድኃኒት ያዝዛሉ» ይላል፤ እሷ «እንግዲህ መድኃኒቱ ያድናል» የሚለውን ትመርጣለች። ማን አለ? ማንም። ከአሥር ዓመቷ ጀምራ ለእናቷ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ስታስተረጉም ያደገች ልጅ ናት። እናቷ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስትል እሷ ሙሉውን ታደርሳለች። ስንት ጊዜ ለእኔም እንዲያ አድርጋልኛለች! ሥራ ቦታ ይሄን መተው ተምራለች፤ አስተርጓሚ መጨመር አይፈቀድለትም። ፈተናው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ያቺ የአሥር ዓመት ልጅ ትመለሳለች።

ይሄ ከታወቀ በኋላ ስኬጁሉን መጻፍ ቀላል ሆነ፤ ማድረጉ ነው እንጂ የከበደው። በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና ብቻ። ማግሥቱን ሙሉ የሱ ምርመራ። ሥራ በምትገባባቸው ቀናት ቀን ላይ ጥቂት ጥያቄ፤ «ይሄ ተብሏል ወይስ እኔ ጨመርኩት?» እያለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ምንም። ጠበቃው «ምንም» የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፈው፤ እንዳይሞላ።

ንባቡን በተመለከተ አጭር ነው። አራት ምንባብ በ35 ደቂቃ፣ ለአንዱ ከዘጠኝ ደቂቃ ያነሰ ይደርሰዋል። ሎጂካሉ ሃያ አምስት ያህል ጥያቄ ስላለው ለአንዱ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው የለም። ለቋንቋ ተብሎም ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ማለት እዚያ ቤት አይሠራም። እሷ ይሄን ቀድማ ስላወቀች ተስፋ አላደረገችም።

አያቷን ላስገባላችሁ፤ አባቴ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አድጎ በስተርጅና እዚህ የመጣ፣ በልጅነቱ በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ቆሞ የሰማ ሽማግሌ። በዚያ ዘመን ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ዘንጉን ይዞ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረደ ባላጋራውን በጥያቄ ያፋጥጠው ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ጥያቄዋን በአማርኛ አደረገችለት። «አባባ፣ እንዲህ ይላል። በሬው ማሳው ውስጥ ሊገባ የሚችለው አጥሩ ከፈረሰ ብቻ ነው። አጥሩ ፈርሷል። እንግዲህ በሬው ገብቷል።»

ሽማግሌው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «በሬው ታስሮስ እንደሆነ?» አለ። «አጥር ፈረሰ ማለት በሬ ገባ ማለት ነው? ተጠየቅ! ያየው አለ? ዱካው አለ? ይሄን ያለ ሰው አላስረዳም፣ ይረታ!»

እኔና ልጅቷ ተያየን። ይሄ ሎጂካል ሪዝኒንግ ውስጥ ሺህ ልብስ እየቀያየረ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ያለ እሱ የማይሆነውን ነገር፣ እሱ ካለ የግድ እንደሚሆን አድርጎ መውሰድ። አባቴ መቶ ሃያውንም መቶ ሰማንያውንም አያውቅም፤ ነገር ግን ያልተባለ አይጨምርም። ከዚያ ወዲያ ስኬጁሉ ላይ «ከአባባ ጋር» የሚባል መስመር ገባ። በቀን አንድ ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሳ ታቀርብለታለች። ሁሌ ያገኘዋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ስለ ዳይኖሰርና ስለ አክሲዮን ሲሆን «ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም» ይላል። እሷ ግን ወደ አማርኛ ስትመልሰው ምኑ እንደጎደለ በራሷ አፍ ትሰማዋለች።

የጾሙ ነገር ደግሞ አለ። ቤቱ ጿሚ ነው። ልጅቷ በጾሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ቅዳሜና እሁድ ግን ጠዋት ይበላል፤ ሥጋና ወተቱ ነው የሚቀረው። የልምምድ ፈተናዋን ያደረገችው ቅዳሜ ነበር፤ ሽሮዋን በልታ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ሆዷ ሞልቶ። እውነተኛው ፈተና የሚውለው ሐሙስ ነው! ጠበቃው እንኳ ይሄን አላየውም፤ ያየችው እህቴ ናት። «በሆድ ባዶ የምትሠሪውን በጠገበ ሆድ ትለማመጃለሽ እንዴ?» አለቻት። እንደዚያ ያለ ብልህ ነገር ከአፏ ሲወጣ ጠበቃው ራሱ ጎንበስ አለላት። ልምምዱ ወደ ሐሙስ ዞረ፤ ሐሙስ ማታ የነበረውን ሺፍት ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። በፈተናው ቀን ትጹም አትጹም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራለች። የተባባሉትን አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም። የወሰነችውን ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሐሙሶች ሁሉ እንደዚያው አደረገችው፤ ዋናው እሱ ነው።

ቦታውንም አሰበችበት። ቤት ሆኖ በካሜራ እየተጠበቁ መፈተን ይቻል ነበር፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ዝር ማለት የለበትም። እህቴ ቤት? ቡና የሚጠጣው፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው፣ ከአገር ቤት በቫይበር የሚጮኸው ሁሉ እያለ? የፈተና ማዕከል መረጠች። ልምምዱንም ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ፣ የማያውቃት ሰው በሚያስነጥስበት፣ ወንበር በሚጎተትበት ቦታ አደረገችው። ጸጥታ የለመደ ጆሮ ማዕከል ውስጥ ይደነግጣል።

ጽሑፉ ለጥቂት ሊረሳ ነበር። ከፈተናው ተለይቶ የሚሠራ፣ ነጥብ የሌለው፣ ሐሳብን አቅርቦ የመከራከር ጽሑፍ አለ፤ እሱ ሳይገባ ግን ውጤት አይለቀቅም። ከፈተናው በኋላ ይደርሳል ብላ ነበር። ጠበቃው «ከፈተና በኋላ ሰው ተኝቶ ነው የሚውለው፣ አሁን ጨርሽው» አላት፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረሰችው።

መጨረሻዋ ሳምንት መጣች። የመጨረሻውን ሙሉ ፈተና የሠራችው ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። እሁድ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ አነበበች። ሰኞና ማክሰኞ ቀድሞ በትክክል የሠራቻቸውን ጥያቄዎች ብቻ ደገመች፤ እጇ እንዲያስታውስ። ረቡዕ ምንም አልተጻፈም። እህቴ ረቡዕን ባዶ ማየት አልቻለችም፤ በእርሳስ «ጸሎት» ብላ ጨመረችበት። ማንም አልሰረዘውም።

ሐሙስ እኔ ነዳሁላት። መንገድ ላይ አንድም ቃል ስለ ፈተናው አልተነፈስኩም፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ጾም ነው። ስትወጣ «እንዴት ነበር?» አልኳት። «አንድ ስለ ንብ የሚያወራ ምንባብ ነበር...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች፤ የፈተናውን ይዘት ማውራት ክልክል ነው። እኔም ስለ ንብ ምንም አልሰማሁም።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ወጣ፤ ፋሲካው አልፎ፣ ዶሮው ተበልቶ። ተፈታኝ ከፍሎ ውጤቱን አስቀድሞ ማየትና ማቆየት ወይም መሰረዝ ይችላል፤ እሷ ያንን ገዝታ ነበር። 161። አቆየችው። እህቴ እልል አለች፤ ከ180 መሆኑን ሲነግሯት ደግሞ «የቀረው አሥራ ዘጠኙ የት ሄደ?» አለች።

አሁን ክርክሩ ሌላ ነው። ጠበቃው ኦገስት ላይ እንድትደግመው ይፈልጋል። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ሙሉ ሰባት ጊዜ መፈተን ስለሚፈቀድ እጇ ላይ ብዙ ዕድል አለ፤ «165 ስኮላርሺፕ ያመጣል» ይላል። ልጅቷ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት፣ ያ በ1869 የተከፈተው፣ ልቧን ወስዶታል፤ ማመልከቻው በመኸር ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ መግባት ይሻለኛል፣ ክረምቱን የግል መግለጫዬን ልጻፍበት ትላለች። ባለፈው እሁድ ለሁለት ሰዓት ተሟገቱ። ጠበቃው «165 ካመጣሽ ገንዘብ ይሰጡሻል» ሲላት፣ «ካመጣሁ ይሰጡኝ ይሆናል እንጂ፣ ይሰጡሻል ማን አለ?» አለችው። ጠበቃው ሲኒውን አስቀምጦ ሳቀ፤ ግን አልተረታም፣ የሚቀጥለው እሁድም ይመጣል።